ጠዋቱን ለእማማ ስጪያቸው

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። ረዘም ስለሚል ዋና ዋናውን ብቻ ነው ያቀረብኩት፤ ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የአምስት ዓመት ወንድ ልጅና የሁለት ዓመት ሴት ልጅ አሉኝ። ክሊኒክ ውስጥ እሠራለሁ፤ ጠዋት 8 ሰዓት ወጥቼ 5 ሰዓት ተኩል እገባለሁ። ባለቤቴ ሹፌር ነው። 3 ሰዓት ላይ ወጥቶ እኩለ ሌሊት ይገባል። በጥር የባለቤቴ እናት ሊያግዙን ከአዲስ አበባ መጡ። ብርዱን በሰላም አሳለፍነው። ልጆቹ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኙ ነበር። በማርች ሰዓት ከተቀየረ ወዲህ ግን ቤቴ ቤት አልመስል አለኝ። እስከ 10 ሰዓት ይሯሯጣሉ። ትልቁን ተኛ ስለው ‹ፀሐይ እኮ አልገባችም› ይለኛል። ጠዋት ደግሞ እያለቀሰ ነው ባስ የሚይዘው።

እማማ ትንሿን ከሰዓት እስከ 5 ሰዓት ያስተኟታል። ‹ይቀስቅሷት› ስላቸው ‹የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም› ይሉኛል። ትልቁን ከትምህርት ቤት ከገባ ጀምሮ እየተከተሉ ያጎርሱታል፤ ራት ላይ ምንም አይበላልኝም። ሰሞኑን ዓይኑን ያሻል፣ አፍንጫው ይፈሳል። ‹ንፋስ መትቶት ነው› ብለው ውጭ ማውጣት አቆሙ። በሰሙነ ሕማማት ጾሜን ውዬ፣ ደክሞኝ ገብቼ፣ ‹እማማ፣ እባክዎ በልጆቼ ጉዳይ አይግቡብኝ› አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝም አሉኝ። ራታቸውን ክፍላቸው ወስደው ነው የሚበሉት። ፋሲካን እንኳን በወጉ አልተገባበዝንም። ባለቤቴም ‹እናቴን አስከፋሻት› ብሎ አኩርፎኛል። ቲኬታቸውን አሳጥረን እንመልሳቸው ይሆን እያልኩ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ሜላቶኒን የሚባለውን ከረሜላ ስጫቸው ትለኛለች። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁሉ የከበደኝ የፋሲካው ነገር ነው። 55 ቀን አብራችሁ ጾማችሁ፣ ዶሮው ተሠርቶ፣ አንድ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ ሳትገባበዙ መዋል ያማል። እሱን እናስተካክለዋለን። ከዚያ በፊት ግን ይህን ልበልሽ። ልጆችሽ አልተበላሹም። እማማም ሥርዓትሽን ሊያፈርሱ አልመጡም። አንቺም ክፉ ምራት አይደለሽም። የተቀየረው ቀኑ ነው። አንድ ነገር ብቻ ከያዝሽ ሌላው ይከተላል፤ እሱም ጠዋቱ ነው። ማታውን ለማስተካከል ማታ ላይ መታገል ትርፉ ድካም ነው። (ሰዓቱን ሁሉ እንዳንቺ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በሀገር ቤት አቆጣጠር ስጽፍ እነግርሻለሁ።)

እስቲ ነገሩን በእማማ ዓይን እዪው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም። በዓመቱ ረጅሙ ቀንና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በሀገር ቤት አቆጣጠር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ትገባለች። ከዚያ ይመሻል፣ ራት ይበላል፣ ልጅ ይተኛል። እማማ ዕድሜያቸውን በሙሉ ልጅ ያስተኙት በጨለማ ነው። እዚህ ሲመጡ ጥር ነበር። ፀሐይ 5 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ትገባለች። ለሳቸውም፣ ለልጆቹም፣ ላንቺም ተመቻችሁ። አሁን ግን 8 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው የምትገባው። በሰኔ 8 ሰዓት ተኩልን ታልፋለች። አሌክሳንድሪያ ውስጥ የክረምቱ አጭር ቀንና የበጋው ረጅም ቀን ከአምስት ሰዓት በላይ ይለያያሉ። በዚህ ላይ በማርች ሁለተኛ እሑድ ሰዓቱ በአንድ ሌሊት አንድ ሰዓት ወደፊት ይዘላል። ስለዚህ ልጅሽ «ፀሐይ አልገባችም» ሲልሽ እልህ መጋባቱ አይደለም። እውነቱን ነው የሚነግርሽ። እማማም «ገና ብርሃን ነው፣ ይጫወቱ» ሲሉ ሙሉ ዕድሜያቸው ያስተማራቸውን ነው የሚናገሩት።

የትንንሽ ልጆች ሰውነት ደግሞ ከኛ ይልቅ ብርሃን ይሰማዋል። በ2018 የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቦልደር ተመራማሪዎች ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሆናቸውን ጥቂት ልጆች ከመኝታቸው በፊት ለአንድ ሰዓት ያህል ደማቅ ብርሃን ፊት አስቀምጠው አዩ። እንቅልፍ የሚጠራው ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን በ88 ከመቶ ገደማ ቀነሰ። መብራቱ ከጠፋ ከ50 ደቂቃ በኋላም አብዛኞቹ ልጆች ላይ ገና አልተመለሰም ነበር። ሳሎኑ እንደ ቀትር በርቶ፣ ቴሌቪዥኑ ተከፍቶ፣ በመስኮቱ ፀሐይ እየገባ «ተኙ» ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቢው።

አሁን ጠዋቱ ለምን እንደሚቀድም ልንገርሽ። ልጅ ማታ እንቅልፉ የሚመጣበትን ሰዓት የሚወስነው በዋናነት ጠዋት የተነሳበት ሰዓትና ጠዋት ያየው ብርሃን ነው። ጠዋት በጊዜ ተነስቶ ሰማይ ያየ ልጅ ማታ በጊዜ ይደክመዋል። 10 ሰዓት የተኛን ልጅ በማግሥቱ 8 ሰዓት ላይ አስገድደሽ ብታስተኚው ግን ጣሪያ እያየ ውሃ ይጠይቅሻል፣ ሽንቴ መጣ ይልሻል፣ በመጨረሻ ትጮሂበታለሽ። እንቅልፍ በግድ አይመጣም። መነሳት ግን ይቻላል። የምናዝዘው እሱን ብቻ ነው።

ታዲያ ጠዋት ማን ነው ያለው? አንቺ ለሥራ ትቻኮያለሽ። ባለቤትሽ እኩለ ሌሊት ገብቶ ገና እንቅልፉን አልጨረሰም። እማማ ስንት ሰዓት እንደሚነሱ አልጻፍሽልኝም። ግን በሳቸው ዕድሜ ያሉ እናቶቻችን ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ጸሎት የሚያደርሱ ናቸው። እርግጠኛ ነኝ፣ ልጆቹ ሲነሱ እማማ ውዳሴ ማርያማቸውን ከጨረሱ ቆይተዋል። ቤትሽ ውስጥ ጠዋትን ከማንም በላይ የሚችሉት ሰው ክፍላቸው ውስጥ አኩርፈው ተቀምጠዋል። እና ጠዋቱን ለሳቸው ስጪ። ለእርዳታ ብቻ ሳይሆን በሙሉ ኃላፊነት።

ይህን ለማድረግ ግን መጀመሪያ ይቅርታ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ። ያቺን ቃል ያናገረሽ የሁለት ወር ጾም፣ ሥራና እንቅልፍ ማጣት ነው። ይገባኛል። እማማ ግን ያን አያውቁም። የሰሙት «በልጆቼ ጉዳይ አይግቡብኝ» የሚለውን ነው። ለአንዲት አያት «ልጆቼ» የሚለው ቃል ብቻውን «የእርስዎ አይደሉም» ማለት ነው። አገራቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ ዕድራቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን ትተው፣ ቋንቋውን በማያውቁት አገር፣ ደጅ እንኳን ለብቻ ወጥተው በማይገቡበት አፓርትመንት ውስጥ የተቀመጡት ለነዚህ ልጆች ብለው ነው። ከዚህ ሌላ እዚህ ሥራ የላቸውም። ሥራቸውን ነው የነጠቅሽባቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ቡና አፍዪ። አንቺው ቁዪው፣ አንቺው ውቀጪው። ክፍላቸው ድረስ ሄደሽ «እማማ፣ ቡና ይድረሱልኝ» ብለሽ ጥሪያቸው። ባለቤትሽም ይኑር። አቦሉ ሲቀዳ ጉልበታቸውን ስመሽ «እማማ፣ አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» በዪ። እዚያው አቁሚ። «ግን እኮ» የሚል ቃል አታስከትዪ። ስለ ቀን እንቅልፍ፣ ስለ ጉርሻ፣ ስለ መኝታ ሰዓት በዚያ ቀን አንድም ነገር አታንሺ። ይቅርታ ከትእዛዝ ጋር ከመጣ ይቅርታ አይሆንም። እሳቸው ምናልባት «ምን አጠፋሽና» ብለው ያድበሰብሱት ይሆናል። ምናልባት ያለቅሱ ይሆናል። ምናልባት የልባቸውን ይነግሩሽ ይሆናል፤ ሲናገሩ አታቋርጪያቸው።

በማግሥቱ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ምክር ጠይቂያቸው። ከልብሽ ጠይቂ፤ በእርግጥም ያንቺን ባል ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። «ልጁ ጠዋት እያለቀሰ ነው የሚሄደው፣ እኔ ብቻዬን አልቻልኩትም፤ ጠዋቱን እርስዎ ይያዙልኝ» በዪያቸው። ለዚህ «እምቢ» የሚሉ አያት አላውቅም።

የጠዋቱ ነገር እንዲህ ነው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ እማማ መጋረጃውን ይከፍታሉ። በሳቸው አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም ፀሐይ ስትወጣ ገደማ ነው፤ በሳቸው ሰዓት ንገሪያቸው። ቅዳሜና እሑድም፣ የበዓል ማግሥትም፣ ልጁ ማታ አምሽቶ ቢተኛም፣ መነሻው ያው 6 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ጥብቅ አድርጋችሁ ያዙት። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይነጫነጫሉ፣ እማማም አንጀታቸው አይችልም። ያኔ አንቺ አበረታቻቸው። ቁርሱን ብርሃን በሚገባበት መስኮት አጠገብ ይብሉ። ገንፎም ይሁን ጨጨብሳ ወይም አጃ፣ እማማ የወደዱትን ይሥሩ። ከዚያ ትልቁን ባስ ጋ የሚያደርሱት እማማና ትንሿ ይሁኑ። ጋቢ ደርበው፣ ትንሿን በጋሪ አድርገው፣ ባሱ ከሄደ በኋላም ሕንፃውን አንዴ ዞር ብለው ይመለሱ። ይህ የጠዋት ብርሃን ከማንኛውም ከረሜላ የተሻለ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው። ለእማማም ራሳቸው። ቀኑን ሙሉ ቤት ተዘግቶባቸው የከረሙ ሰው ናቸው።

ቀጥሎ የትንሿ የቀን እንቅልፍ አለ። ጠዋት 6 ሰዓት ተኩል ከተነሳች ምሳዋን በልታ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ራሷ ዓይኗን ታሻለች። 2 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት አለባት። «የተኛ ልጅ አይቀሰቀስም» በሚለው ላይ ከእማማ ጋር አትከራከሪ። ባለቤትሽ እኮ እስከ 3 ሰዓት ቤት ነው። የሚቀሰቅሳት እሱ ይሁን። መብራት አብርቶ፣ አቅፎ አንስቶ፣ ለሥራ እስኪወጣ ያጫውታት። እማማ ደንባቸውን አላፈረሱም። አባትየውም ከልጁ ጋር ብቻቸውን የሚሆኑበት ግማሽ ሰዓት አገኘ። ይህን ለሱ የምትነግሪው አንቺ ነሽ። «እናቴን አስከፋሻት» ማለት ብቻ አይበቃም፤ እሱም ከዚህ ቤት ሥራ ድርሻ አለው።

ትልቁ ከባስ ሲወርድ ቀጥታ ቤት አይግባ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤት የሚሳሳተው። አንዴ ጫማ ከወለቀ፣ አንዴ ስልክ ከተከፈተ፣ ዳግም ማውጣት ጦርነት ነው። እማማ ባስ ሊቀበሉት ሲሄዱ ሙዝ ወይም የተቆረጠ ፖም ይዘውለት ይውረዱ። እሱን እየበላ ወደ መጫወቻው ይሂዱ። ለአንድ ሰዓት ይሩጥ፣ ይውጣ፣ ይውረድ፣ ይቆሽሽ። አሌክሳንድሪያ ውስጥ እኮ በየመጫወቻው የልጅ ልጅ የሚጠብቁ የኛ እናቶች አሉ። እማማ አንዲት የሚያወሯት ሰው ካገኙ፣ ነገ «እንውጣ» የሚሉት እሳቸው ይሆናሉ።

«ንፋስ» ላሉት ነገር መልስ አለኝ። ልጅሽ ዓይኑን እያሸ፣ አፍንጫው እንደ ውሃ ቀጭን እየፈሰሰ፣ ትኩሳት ሳይኖረው ሳምንታት ከቆየ፣ የአበባ ብናኝ አለርጂ ሊሆን ይችላል። በናንተ አካባቢ ከማርች እስከ ሜይ የዛፍ ብናኝ አየሩን ይሞላዋል፤ የኦክ ዛፉ በተለይ ኤፕሪል ላይ። መኪናው ላይ የሚተኛው ቢጫ ዱቄት እሱ ነው። ከዚያ የሣሩ ይከተላል። ለእማማ መኪናውን በጣትሽ ጠርገሽ አሳያቸው። በዓይናቸው ያዩትን ያምናሉ። ንፋሱ የሚያመጣው አንድ ነገር እንዳለ በማስተዋላቸው ግማሹ ትክክል ናቸው እኮ። መፍትሔው ግን ቤት መቀመጥ አይደለም። ከውጭ ሲገቡ ጫማና ልብስ በር ላይ ይለወጣል፣ እጅና ፊት ይታጠባል፣ ማታ ፀጉር ይታጠባል። ዓይኑን ማሸቱ ካልተወው የልጆቹ ሐኪም ለዕድሜው የሚሆን መድኃኒት ያዝለታል። ትንሿ ግን በዚህ ዕድሜዋ የብናኝ አለርጂ ብዙም አያጠቃትም፤ እሷ አፍንጫዋ ከፈሰሰ ጉንፋን የመሆኑ ዕድል ይበልጣል።

ስለ ጉርሻው ትንሽ ልበል። እማማ የሚያጎርሱት ፍቅር ነው። አትከልክያቸው፤ ሰዓቱን ብቻ አዛውሪው። ከመጫወቻው መልስ እስከ ራት ውሃ ብቻ ይጠጣ። ራት 6 ሰዓት ላይ ይሁን፣ ቤት ያላችሁ ሁሉ አንድ ገበታ ላይ፣ እማማም ክፍላቸው ሳይሆን መካከላችሁ። ለትንሿ በአልጫ ምስር የራሰ እንጀራ፣ ለትልቁ የሚወደው ወጥ። በራሱ እጅ ይብላ። ሲጨርስ እማማ አንድ የመጨረሻ ጉርሻ ያጉርሱት፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ከተባለም ሁለት ይሁን። ሮጦ የመጣ ልጅ ይበላል። አንድ ቀን ባይበላም አይሞትም፤ ነገ ጠዋት ይበላል። ቆሎና ኦቾሎኒ ግን ትንሿ አፍ እንዳይገባ። ከአራት ዓመት በታች ላለ ልጅ ጉሮሮ ላይ ይሰነቀራል። ይህን እማማ ቅር ቢላቸውም በግልጽ ንገሪያቸው።

ራት እንዳለቀ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ፣ ስልክም ታብሌትም ይነሳ። የእማማ ድራማ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይታያል። የሳሎኑን ትልቅ መብራት አጥፊና ትንሿን አምፖል ብቻ ተዪ። ሩብ ጉዳይ ለ7 ገላ መታጠብ ነው። «ማታ ፀጉር ታጥቦ ይተኛል? ብርድ ይመታዋል» ይባል ይሆናል። በደንብ ጠርገሽ፣ አድርቀሽ፣ ፒጃማ አልብሰሽ አሳያቸው። ፎጣውን እሳቸው ይያዙ።

በዚያው ገላ ሲታጠቡ መዥገር ይታይ። ይህን የማነሳው ከልቤ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድም በዲሲም ላይም (Lyme) የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፍ መዥገር አለች። ገና ያላደገችው፣ ከሰሊጥ ፍሬ የምታንሰው፣ በተለይ ከሜይ እስከ ጁላይ ትበዛለች። ከጆሮ ጀርባ፣ በፀጉር ሥር፣ በብብት፣ በጉልበት እጥፋት፣ በእንብርት ዙሪያ ትደበቃለች። እማማ ልጅነታቸው ከብት አጠገብ ከሆነ መዥገርን ካንቺ በላይ ያውቋታል። ዓይናቸው ከደከመ አንቺ እዪ፣ እሳቸው በጣታቸው ይዳብሱ። ከተገኘች በወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዘሽ ቀጥ አድርገሽ ወደ ላይ ሳቢያት። ቅባት መቀባት፣ በእሳት መለብለብ አያስፈልግም። ቦታውን እጠቢ፣ ቀኑን ጻፊ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ወይም እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ካየሽ ሐኪም ጋ ሂጂ።

7 ሰዓት ከሩብ ላይ መኝታ ክፍሉ መጨለም አለበት። ብርሃን የማያሳልፍ መጋረጃ በርካሽ ይገኛል። እስኪገዛ ድረስ ጥቁር ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ስቀዪ። እዚህ ላይ ደግሞ እማማ ሌላ የሚተካቸው የሌለ ሥራ አላቸው። መጽሐፍ ለማንበብ መብራት ያስፈልጋል። ለተረት ግን ጨለማ ይበቃል። በጨለማው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «ተረት ተረት» ይበሉ፤ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሱ። ስለ ጦጣና ስለ ጅብ ያውሩላቸው። ሲጨርሱ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ»። ልጅሽ አማርኛ የሚሰማበት ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ያንን ግማሽ ሰዓት አንቺ ሶፋው ላይ እግርሽን ዘርግተሽ ተቀመጪ። ሳህን እንኳን አታንሺ።

ሰዓቱን አሁኑኑ ወደ 8 አታምጪው። አሁን 10 ላይ የሚተኙ ከሆነ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሩብ ሰዓት እየቀነስሽ ነይ። የማታውን ሥርዓትም (ገላውን፣ ጨለማውን፣ ተረቱን) አብረሽ በዚያው ልክ እያስቀደምሽ ነይ። ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። አንዳንድ ማታ ይበላሻል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ክርስትና ይኖራል። ጠዋቱ ካልተበላሸ ማታው ይመለሳል። ለአምስት ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል ይላሉ የእንቅልፍ ሐኪሞች፤ ለሁለት ዓመት ልጅ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14። ልጅሽ አሁን የሚያስፈልገውን ያህል እየተኛ አይደለም። ጠዋት ማልቀሱ ታዲያ ምን ያስገርማል?

ሜላቶኒኑን ከሐኪም ሳትመካከሪ አትስጪ። ከረሜላ ስለሚመስል ልጆች ራሳቸው ከፍተው ይበሉታል። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማእከል እንዳወጣው፣ ልጆች ሜላቶኒን ወስደው ለመርዝ መቆጣጠሪያ ማእከላት የተደረጉ ጥሪዎች ከ2012 እስከ 2021 ባሉት ዓመታት በ530 ከመቶ ጨምረዋል። የአለርጂ ሽሮፕንም ለማስተኛ ብለሽ እንዳትሰጪ። በድንገት የዋጠ ልጅ ካለ ለመርዝ መቆጣጠሪያው በ1-800-222-1222 ይደወላል፤ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ እማማም ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ ይለጥፉት። ትልቁ ሲተኛ የሚያንኮራፋና የሚያቃትት ከሆነ፣ ወይም ይህን ሁሉ አድርገሽ ከወር በኋላም ምንም ካልተለወጠ፣ ያኔ ለልጆቹ ሐኪም ንገሪ።

አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። አየሩ ሞቆ መስኮት መከፈት ጀምሯል። ስንተኛ ፎቅ እንደምትኖሩ አልጻፍሽም። መስኮቱ ላይ ያለው ወንፊት ዝንብ እንጂ ልጅ አይይዝም። ልጅ ሲደገፈው ይለቃል። ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ እንዳይከፈት የሚያግድ ማቆሚያ ይገጠምልሽ ዘንድ ለሕንፃው አስተዳደር ዛሬውኑ ደውዪ። አልጋና ሶፋ ከመስኮት ሥር አንሺ።

ቲኬቱን በተመለከተ፣ አታሳጥሩት። ለባለቤትሽም ይህን ሐሳብ አታንሺበት፤ ካነሳሽው የእናቱን ኩርፊያ የሚያጸና ቁስል ይሆናል። እማማ በጥር የመጡት ለስድስት ወር ከሆነ ሐምሌ ላይ ይመለሳሉ። ያኔ ፀሐይ አሁንም 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው የምትገባው፣ ጠዋቱን የሚይዝልሽ ሰው ግን አይኖርም። ስለዚህ ለትንሿ ዴይኬር ከአሁኑ መፈለግ ጀምሪ፣ ብዙዎቹ ጋ ወረፋ አለ። ስትጎበኚም እማማን ይዘሻቸው ሂጂ። የልጅ ልጃቸውን ለማን ትተው እንደሚሄዱ ይዩ፣ ያልወደዱት ነገር ካለም ይንገሩሽ።